መልስ፦ በጥልቀት ማረስ ጨዉን ያስወግደዋል ወይ?

ብቻውን አያስወግደውም። ጨዉን የሚያወርደው ውሃ ነው፤ ሪፐሩ (ትራክተር የሚጎትተው፣ አፈሩን ሳይገለብጥ በጥልቀት የሚሰነጥቅ ማረሻ) መንገድ ብቻ ይከፍትለታል። አሚባራ (አፋር) ላይ ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ (የጨው መጠኑን የሚያሳየው ልኬት፣ ኢሲ፣ 3 ዴሲሲመንስ በሜትር የሆነ) እያጠጣህ መሬቱ ነጭ ጨው ከለበሰብህና ከስር ጠጣር ንጣፍ ካገኘህ፣ እንዲህ አድርግ፦

1. አስቀድመህ 2 ሜትር ቆፍር። ውሃ ካገኘህ ሪፐሩን ለጊዜው ተወውና የማጠንፈፊያ ቦይ አውጣ፤ አለዚያ ያጠብከው ጨው ፀሐይ ስቦት ተመልሶ ይወጣል።

2. ንጣፉን በሪፐር ስበረው እንጂ አፈሩን አትገልብጠው። ከገለበጥከው የታችኛውን ጨው ዘር ላይ ታመጣዋለህ።

3. ወዲያው አጥለቅልቀህ እጠብ፤ የአዋሽ ውሃ ከደረሰህ በእሱ። ከዚያ በኋላ በየመስኖው ለጥጥ 10 በመቶ ያህል ትርፍ ውሃ ጨምር። በቆሎ ግን በዚህ የጉድጓድ ውሃ አትሞክር፤ ምርት ሳይቀንስ እንዲበቅል ከምታጠጣው ከግማሽ በላይ ወደ ታች መውረድ አለበት፣ ያን ያህል ውሃ ደግሞ ማንም የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ትራክተሩ የተገኘው ያን ቀን ብቻ ስለነበር እርጥብ ሸክላ ላይ ሪፐር አስገባሁ። አፈሩ አልተሰባበረም፤ ምላጩ ባለፈበት እንደ ጭቃ ተለስኖ ቀረ፣ ውሃውም ላዩ ላይ ተኛ። እስኪደርቅና እስኪሰነጠቅ ጠብቅ፣ ትራክተሩ ቢያልፍህም።