«ቤቱ ያላየሁትን ሳቅ እዚያ ይስቃል»

ጥያቄ፦ የ48 ዓመት ሴት ነኝ። ትዳር ከያዝኩ 22 ዓመት ሆኖኛል፤ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ በልጅነታቸው ኩባ ተልከው ከተማሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነው። ትንሹ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ማምሸት ጀመረ። «የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ነው» ይለኝ ነበር። ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ ቲክቶክ ላይ ያገኘችውን ቪዲዮ አሳየችኝ። ባለቤቴ አንድ ሆቴል ውስጥ ሳልሳ ይጨፍራል። ክብ ሠርተዋል፤ አንዷን ይለቃል፣ ሌላዋን ይይዛል። ልጁ የምትሆን ሴት ሳትቀር አለች። ስጠይቀው «አንቺ አይገባሽም» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። እህቴ «አንድ ዓርብ ተከትለን እጅ ከፍንጅ እንያዘው» ትላለች። እኔን ግን ከጭፈራው ይልቅ ያቃጠለኝ ሳቁ ነው። ቤት ውስጥ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እየከዳኝ ይሆን?

መልስ፦ እዚህ ተቀምጬ «አዎ ከድቶዎታል» ወይም «አልከዳዎትም» ብል ዋሾ እሆናለሁ። በደብዳቤዎ ውስጥ ግን ሦስት ነገሮች ተደበላልቀው አይቻለሁ፤ ውሸቱ፣ ጭፈራውና ሳቁ።

ስለ ውሸቱ ብዙ አልልም። «ስብሰባ» ብሎ ወጥቶ ሲጨፍር ካመሸ ዋሽቷል፤ ማስረዳት ያለበትም እሱ ነው። ኩባ ማደጉም ሆነ ጭፈራው ንጹሕ መሆኑ ይህን አይሽርለትም።

ጭፈራውን በተመለከተ ግን ያዩት ነገር ምን እንደሆነ ልንገርዎ። ያ ክብ ሩዌዳ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሃቫና ክበቦች ውስጥ የተጀመረ ነው። ጥንዶቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ አንድ ሰው እየጮኸ የሚቀጥለውን እንቅስቃሴ ያዛል። «ዳሜ!» ሲል፣ «ስጠኝ» እንደማለት ነው፣ ወንዱ ሁሉ የያዛትን ለቆ ቀጥላ ያለችውን ይቀበላል። ስለዚህ ባለቤትዎ አንዷን ለቆ ሌላዋን ሲይዝ ያዩት መርጦ አይደለም፣ ታዞ ነው። እንዲያውም «ዳሜ!» ተብሎ አንዷን አልለቅም ብሎ ቢቀር ኖሮ እኔም እጠረጥር ነበር።

ከክቡ ውጭ ሁለት ሁለት ሆነው ሲጨፍሩም ልማዱ ብዙም አይለይም። ዘፈኑ አራት አምስት ደቂቃ ይቆያል፤ ሲያልቅ ይመሰጋገናሉ፣ ይለያያሉ፣ ሌላ ሰው ይጋብዛሉ። የወንዱ ቀኝ እጅ ሴቲቱ ጀርባ ላይ፣ ትከሻዋ አጥንት ሥር ያርፋል። «አሁን ዙሪ»፣ «አሁን ወደኔ ነይ» የሚላት በዚያ እጅ ነው። ለእኛ ዓይን ይህ ይከብዳል። በእስክስታ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ይፋጠጣሉ፣ ትከሻ ለትከሻ ይመላለሳሉ እንጂ አይተቃቀፉም። ስለዚህ በሕዝብ ፊት እጅና ወገብ መያያዝ ሌላ ነገር መስሎ ቢታየን አይገርምም። (እኔ ራሴ አንዴ ልማር ብዬ ገብቼ የአንዲት ወይዘሮ እግር ረግጬ ወጥቻለሁ። በዚያ ምሽት ስለ ፍቅር ያሰበ ሰው ቢኖር እኔ አልነበርኩም፤ ቁጥር ስቆጥር ነው ያመሸሁት።)

ይህን ስል ጭፈራ ቤት የሚሄድ ሁሉ መልአክ ነው ማለቴ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ከአንዲት ሴት ጋር ብቻ ከሆነ፣ ጭፈራው ካለቀ በኋላ ሰዓታት የሚጠፋ ከሆነ፣ መልእክት እየሰረዘ ስልኩን የሚደብቅ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። እርስዎ የጻፉልኝ ግን ከእነዚህ አንዱንም አይደለም። የጻፉልኝ ስለ ሳቁ ነው።

ባለቤትዎ ኩባ የሄደው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከሶማሊያው ጦርነት ማግስት ከሆነ፣ ያኔ ገና ልጅ ነበር። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ አባታቸውን ያጡት በዚያ ጦርነት ነው። ያረፉት የወጣቶች ደሴት በሚባለው ቦታ፣ ገጠር ውስጥ በተሠሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበር። ግማሹን ቀን ይማራሉ፣ ግማሹን ቀን ግሬፕፍሩት እርሻ ውስጥ ይሠራሉ። የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የናሚቢያ ልጆችም እዚያው ደሴት ላይ ነበሩ። እናት የለችም፣ ዘመድ የለም። ያደጉት እርስ በርስ ተያይዘው ነው። ከዚያ ውስጥ ብዙዎቹ አገራቸው ሲገቡ የላካቸው መንግሥት ወድቋል፤ አማርኛቸው ተሰባብሯል፤ የሚጠብቃቸው ቤትም ላይኖር ይችላል።

አንድ ሰው በጉርምስናው የሰማው ሙዚቃ ዕድሜ ልኩን ከሌላው ዘፈን ተለይቶ ልቡ ውስጥ ይቀመጣል። በሥነ ልቦና በደንብ የታወቀ ነገር ነው፤ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ የሆነብን ነገር ከሌላው ይበልጥ ጎልቶ ይታወሰናል። እርስዎ የጥላሁንን ወይም የአስቴርን ዘፈን ሲሰሙ የሚሆኑትን ያስቡት። የእሱ ጉርምስና ግን በስፓንኛ ነው ያለፈው። 22 ዓመት አብሮዎት ሲኖር ያንን የልጅነት ማንነቱን የሚያሳርፍበት ቦታ አላገኘም። ወይም ፈርቶ ደብቆታል፣ ወይም ማንም ጠይቆት አያውቅም። ልጆቹ ሲወጡና ቤቱ ጭር ሲል ደሴቱ ተመልሳ መጣችበት ብዬ እገምታለሁ። ቪዲዮው ላይ የሳቀው፣ እርስዎ ያገቡት የሃምሳ ምናምን ዓመት ሰው ሳይሆን ያ ልጅ ይመስለኛል። «አንቺ አይገባሽም» ያለውም ከንቀት ይልቅ ከተስፋ መቁረጥ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ቃሉ ያማል፤ መታመምዎን ለእሱ መንገር መብትዎ ነው።

የእህትዎን ምክር አልደግፍም። ተከትላችሁ ሄዳችሁ በሰው ፊት ብትይዙት፣ ነገ የሚያፍረው በውሸቱ አይደለም፤ በዚያ ልጅ ነው የሚያፍረው፣ ዳግመኛም አያሳይዎትም። ቪዲዮውንም ልጆቻችሁ ፊት አያውጡት።

ሌላ ነገር ይሞክሩ። ዓርብ ሳይሆን እሑድ ከሰዓት፣ ቡና ከፈላ በኋላ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ይጀምሩት። «አየሁህ» ብለው አይጀምሩ፤ «አየሁህ» ካሉት ወዲያው መከላከል ይጀምራል። «ቪዲዮ አሳዩኝ፤ ደነገጥኩ። ከሁሉ ያመመኝ ስብሰባ ብለህ መውጣትህ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንደዚያ ስትስቅ አይቼህ አለማወቄ» ይበሉት። ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታውን ለመሙላት አይቸኩሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው ለመናገር ጊዜ ይወስድበታል።

የሚያስማማችሁን ነገርም በግልጽ ይነጋገሩበት። የት እንደሚሄድ ይነግርዎታል፣ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ይነግርዎታል፣ ዓርብ ሁሉ የእሱ ከሆነ ከሳምንቱ አንድ ምሽት የእናንተ ይሁን። ባቻታ የሚባለው ጭፈራ ከሳልሳ ይበልጥ ተጠጋግተው የሚጨፍሩት ነው፤ ያ ካልተመቸዎት «ይሄኛው ይከብደኛል» ማለት ቅናት አይደለም። እርስዎም አንድ ቀን አብረው ልሂድ ካሉ ይሂዱ፤ ለጥበቃ ከሆነ ግን ይቅር። ከሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ንግግር በኋላም አሁንም እየዋሸ ከሆነ፣ ያኔ ሁለታችሁም የትዳር አማካሪ ዘንድ ቅረቡ። እሱ እምቢ ቢል እርስዎ ብቻዎን ይሂዱ።

ስለዚያ ልጅነቱ መጠየቁን ከየት ልጀምረው ካሉኝ፣ ከጭፈራው ስም ይጀምሩ። «ሳልሳ» የሚለውን ስም በዓለም ዙሪያ ያሰራጨው ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው ፋኒያ የተባለ የሙዚቃ ኩባንያ ነው። ኩባ ያደገ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ጭፈራውን ካሲኖ ይለዋል። «ሳልሳ ነው ካሲኖ?» ብለው ይጠይቁት። ከመለሰልዎ ማን እንዳስተማረው ይጠይቁት፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጆች እንደነበሩ፣ ግሬፕፍሩቱን በቀን ስንት ሳጥን ይለቅሙ እንደነበር።