ማኅተሙን ከማንሳታችሁ በፊት

ሕግ ተምራችሁ ውልና ማስረጃ ለመቀጠር ለምታስቡ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በመሀል አዲስ አበባ ሰነድ ሳረጋግጥ ኖሬያለሁ። ይህ ሥራ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሹመት ነው፤ ሕግ ያልተማረ ሰው እንኳን ተፈትኖ ይሾማል፣ ሹመቱም በ4 ዓመት ያበቃል። እኛ ዘንድ ግን የምትገቡት የመንግሥት ሠራተኛ ሆናችሁ ነው። «ጊዜህ አልፏልና አድስ» የሚላችሁ የለም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ሳያነብቡ ዓመታት ማኅተም መምታት ይቻላል። ሥራችን የሚመራበትን የሰነድ ማረጋገጫ አዋጅ፣ ቁጥር 334/1995ን፣ በቃሌ ይዤው ነበር። በ922/2008 ሲተካ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ አንቀጽ በአንቀጽ አመሳከርኩ። ከዚያ ወዲህ አራት ኪሎ ባለፍኩ ቁጥር ብርሃንና ሰላም ጎራ ብዬ አዲስ የወጣ ነጋሪት ጋዜጣ እጠይቃለሁ።

የዘመዳችሁን ሰነድ ለባልደረባ አሳልፉ። ቤት ሻጭ ሲመጣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃውን ሳታዩ አትቀጥሉ። ከሁሉ በላይ ግን ውክልና ላይ ተጠንቀቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል፤ ቤት ለመሸጥ በ2205 የተመለከተው ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሰጪው ይህን ልዩነት ማወቁን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ።

አንድ ቀን አንዲት እናት የወንድማቸውን ልጅ አስከትለው መጡ። ሰነዱ ውጭ ተጽፎ ያለቀ ነው። ማንበብ እንደማይችሉ ሲነግሩኝ ወጣቱን ደጅ አስወጥቼ፣ «እማማ፣ ዛሬ ምን ሊያደርጉ መጡ?» አልኳቸው።

«የመብራትና የውሃ እንዲከፍልልኝ ነዋ፣ ልጄ። እግሬ እምቢ አለኝ።»

ወረቀቱ «ቤቱን እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» ይላል። ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው። ደገምኩላቸው። አውራ ጣታቸው ቀለም ነክቶ ነበር፤ ምንም ሳይናገሩ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ጠረጉት፣ ቀለሙ ግን አልለቅ አለ።

እንዲህ መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል። ሰልፉ ይረዝማል፣ ተገልጋይ ይቆጣል፣ አለቃም ሰዓት ያያል። ይቆጡ። በዚያ ቀን ከእሳቸው ኋላ የተሰለፉት ሁሉ አጉረምርመውብኛል፤ እኔ ግን ሌላ ወረቀት አስመጥቼ ለመብራትና ለውሃ ብቻ የሚሆን ውክልና አጻፍኩላቸው፣ ሙሉውንም አነበብኩላቸው፣ ከዚያ በኋላ ነው አሻራቸውን የተቀበልኩት።