«ጋሼ፣ ቤዝን ማን ይሰማዋል?»

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኛ ብሎክ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ከባንዳችሁ ጋር ሮክ ስትለማመዱ በሩ ላይ የቆመው ሽማግሌ እኔ ነኝ። የመጣሁት ልቆጣችሁ ነበር። የልጅ ልጄን አስተኝቼ ገና ጋደም ስል የድራማችሁ ድብደባ ሁለታችንንም አስነሳን። አፌን ልከፍት ስል ዝናቡ መጣ። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ታውቁታላችሁ። የዘፋኙ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ የለም። ሊዱ፣ ዜማውን የሚመራው ጊታር፣ ጠፋ። ሲምባሉ ከዝናቡ ጋር አንድ ሆነ። የቀረው ቤዙ፣ ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ጊታር፣ ብቻ ነው፤ እሱም የደረሰኝ በተደገፍኩት በር በኩል፣ ትከሻዬን እየነዘረኝ ነው። ድራም የምትመታው ልጅ አንገቷን አዙራ የቤዚስቱን ጣት እያየች ቀጠለች። ዘፈኑ ሳይበታተን አለቀ። እኔም ቁጣዬን ይዤ ተመለስኩ።

ማታ ያው ቤዚስት ሱቅ በር ላይ አገኘኝና «ጋሼ፣ ወደ ሊድ ልዞር ነው። ቤዝን ማን ይሰማዋል?» አለኝ። ቀን የሆነውን አላስተዋለም ማለት ነው። ዳቦ ይዤ ስለነበር «እንነጋገራለን» ብዬው ሄድኩ። ይኸው እንነጋገር። ሌሎቻችሁም ስሙ።

እኔ ቤዝን መርጬ አልያዝኩም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቀበሌ ኪነት ስገባ ሊድ ጊታሩን ቀድሞኝ የመጣ ልጅ ይዞታል። ለኔ ያቺ ባለ አራት ክር ከባድ ዕቃ ቀረችኝ። ለብዙ ዓመት የተበደልኩ ይመስለኝ ነበር። የፖል ማካርትኒን ታሪክ የሰማሁት በኋላ ነው። የቢትልስ ቤዚስት ስቱዋርት ሰትክሊፍ በፈረንጆቹ 1961 ባንዱን ሲለቅ፣ ከቀሩት መሃል ቤዝ ልያዝ ያለ አልነበረም። ፖል ላይ ወደቀ። ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪካችን ግን አይመሳሰልም።

«ማን ይሰማዋል» ላልከው። ልምምዳችሁን በስልክ ቀድታችሁ ስታዳምጡት ቤዙ የለም። እውነትህን ነው፣ የለም። የቤዝ ወፍራሙ ክር፣ ሚ፣ ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የስልክ ስፒከር ያንን የሚያወጣበት አቅም የለውም። ስለዚህ ራስህን በስልክ አትመዝን። ከፈለግክ ባንዱ አንድ ዘፈን ያላንተ ይጫወት፣ አንተ ውጭ ቆመህ ስማ።

እኔ ይህን ያየሁት ሳልፈልግ ነው። አንድ ሌሊት ክለብ ውስጥ የቤዜ ድምፅ ማጉያ መሃል ዘፈን ላይ ተቃጠለ። ጭስ ሁሉ ነበረው። ሊዱ አለ፣ ኪቦርዱ አለ፣ ዘፋኙ አለ። የሚጨፍረው ሰው ግን አንድ ሁለት እያለ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ቤዙ ጠፋ ያለ ሰው አልነበረም። አንዱ ብቻ ቢራውን ይዞ ጠጋ አለና «ዛሬ ምን ሆናችሁ?» አለን።

ስለ አጨዋወትህ አንድ ነገር ብቻ። ታበዛለህ። ባዶ ቦታ ባየህ ቁጥር ትሞላዋለህ። የኪኩን፣ በእግር የሚመታውን ትልቁን ድራም፣ ምት ስማ፣ ልጅቷ ስትረግጥ አብረህ ምታ፣ ስታርፍ እረፍ። ድምፁን መቼ እንደምትቆርጠውም አስብበት፤ የሥራው ግማሽ እዚያ ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ እኛም እንደዚያው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጣቴ ውሃ ቋጥሮ ሲፈነዳ ነው ትንሽ መጫወት የለመድኩት። የሮሃ ባንዱን ቤዚስት ጆቫኒ ሪኮን አዳምጡት። የማይቸኩል ሰው ነው።

ሮክ ከኛ ቅኝት ጋር አይሄድም የሚሏችሁን ደግሞ ተዉአቸው። ባቲ ማይነርን ቁጠሩት፦ አምስት ድምፅ። የሮክ ጊታሪስት መጀመሪያ የሚማረው ማይነር ፔንታቶኒክም ያው አምስቱ ነው። ሜጀር ትዝታም ከሜጀር ፔንታቶኒክ አይለይም። አስቸጋሪው ምቱ ነው። ችክችካ በስድስት ይቆጠራል፣ ሮክ አብዛኛውን ጊዜ በአራት። ሁለቱን የሚያስታርቁት ቤዝና ድራም ናቸው። የኛውን የሮክ ባንድ፣ የጃኖን፣ የመጀመሪያ አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች መሆኑን ስሰማ ብዙም አልገረመኝም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ድምፅህ ከስር ቢሆን ሥራህ ነው። ክፍያና ስም ላይም ከስር ከሆንክ ግን የራስህ ጥፋት ነው፤ የኔ ነበርና አውቀዋለሁ። አንድ ካሴት ላይ አሥር ዘፈን ተጫውቼ አንድ ጊዜ ተከፈለኝ፣ በእጅ፣ ያለ ወረቀት። ካሴቱ ወጣ። ሽፋኑን ገልብጬ ስሜን ፈለግኩ። የዘፋኙ አለ፣ የግጥምና ዜማው አለ፣ የፎቶግራፍ አንሺው ሳይቀር አለ። የኔ የለም። እስከ ዛሬ ከቃሊቲ በሚኒባስ ስመጣ አንዳንዴ ይከፈታል። ወያላው ጣሪያውን የሚደበድበው በኔ ቤዝ ነው፣ ሂሳብ ግን ይቀበለኛል።

ፈረንጅ አገርም ያው ነው። የአሜሪካው ሙዚቃ አሳታሚ የሞታውን ቤዚስት ጄምስ ጄመርሰን ዓለም የጨፈረባቸውን ዘፈኖች በአንድ ጣቱ ሲመታ ኖሯል። ሞታውን የአጃቢዎቹን ስም አልበም ላይ መጻፍ የጀመረው በፈረንጆቹ 1971 ነው። እናንተ ዛሬ ሕግ አላችሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሣሪያ ተጫዋቹንም መብት ያለው ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት አንዲት ገጽ ጻፉ፦ ማን ምን ተጫወተ፣ ስንት፣ መቼ ይከፈላል፣ ስም የት ይጻፋል። ተፈራርማችሁ ፎቶ አንሱት። «በኛ መሃል ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚላችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ እሱን አስፈርሙት።

ቀን የምትሠሩት ሥራም ይኑራችሁ። እኔ የኤሌክትሪክ ጥገና እሠራ ነበር። አሁን ያለንበት ኮንዶሚኒየም በባለቤቴ ስም በዕጣ የደረሰን ነው፤ ቤዝ አልሠራውም። ስለ መጠጡና ስለ ጫቱ አልሰብካችሁም፣ እናቶቻችሁ አሉ።

ጆሮ ግን የኔ ጉዳይ ነው። 85 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ ለ8 ሰዓት ይቻላል ይላሉ። 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ያቺ ቆርቆሮ ቤት ደግሞ ከዚያም የምታልፍ ይመስለኛል። ጥጥ አይበቃም፤ የጆሮ መድፈኛ ግዙ። የኔ ግራ ጆሮ ከጮኸ ብዙ ዓመቱ ነው። ሌሊት ሰፈሩ ጭር ሲል እሱ ይጀምራል። ድራሙ በግራዬ ነበር የሚቀመጠው።

ወደ ሊድ ልዞር ያልከው ልጅ፣ ከመዞርህ በፊት ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ ቤት ና። ቤዜ አልጋ ስር ነው። ሁለቱ ክር ዝጓል፣ ኬብሉም ተበጥሷል፤ የራስህን ኬብል ይዘህ ና። ልጅቷንም ጥራት፣ ዱላዋን ብቻ ታምጣ። ሕፃኑ እስከ 9 ስለሚተኛ ትራስ ላይ ትመታለች።