መልስ፦ የኢንተርኔት ተጠቃሚ ሲበዛ ዴሞክራሲ ይጠነክራል ወይ?

የተጠቃሚው ቁጥር ብቻውን ይህን አይነግርህም። ቻይና ከ1 ቢሊዮን በላይ ተጠቃሚ አላት፤ ተፎካካሪ ፓርቲዎች የሚወዳደሩበት አገር አቀፍ ምርጫ ግን የላትም። ሀብትና ትምህርት ኢንተርኔቱንም ዴሞክራሲውንም አብረው ሊያሳድጉ ስለሚችሉ፣ አገሮችን በአንድ ዓመት አሃዝ ማወዳደር ያሳስታል። ይልቅ አንዱን አገር ከዓመት ዓመት ተከታተል፤ ገቢን፣ ትምህርትንና የከተማ ነዋሪውን ድርሻም በስሌቱ አስገባ። የትኛው እንደቀደመም እይ፦ አጠቃቀሙ ወይስ የፖለቲካ ለውጡ?

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የኢንተርኔትና የስልክ መስመሩ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ፊሊፒናውያን በሞባይል አጭር መልእክት ተጠራርተው አደባባይ ወጡ፣ ፕሬዚዳንት ኤስትራዳም ሥልጣን ለቀቁ። በ2011 ደግሞ የግብፅ መንግሥት አገልግሎት ሰጪዎቹን አዝዞ አገሪቱን ለ5 ቀን ያህል ከኢንተርኔት ቆረጣት። ከውጭ ጋር የሚያገናኙት ድርጅቶች ጥቂት ስለነበሩ ለመዝጋት አላስቸገረም። ሰልፉ ግን አልቆመም፤ ፕሬዚዳንት ሙባረክም በየካቲት ከሥልጣን ወረዱ።

አጠቃቀሙንም ለያይ። መዝናኛ ብቻ የሚያይና የምክር ቤት ክርክር የሚከታተል ሰው በአሃዙ እኩል «ተጠቃሚ» ናቸው። ሲም ካርድ በመታወቂያ የሚመዘገብ ከሆነ፣ የግል መረጃን የሚጠብቅ ሕግና ነጻ ፍርድ ቤት መኖሩንም አጣራ፤ እነሱ በሌሉበት ያው ስልክ ተቃዋሚን መከታተያ ይሆናል።