ተምቹ ለምን ቶሎ አልሞተም? ከወሎ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የተባይ መድኃኒት ነፍሳቱ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል? በዚህ ጉዳይ ከወሎ የተላኩልኝን ጥያቄዎች እነሆ። ስለ ዋጋ የጠየቃችሁኝ፣ እሱን ለቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ትቼዋለሁ።

ከቆቦ፦ ማሽላዬን ተምች በላብኝ። «ባክቴሪያ ነው» ያሉኝን ረጨሁ። በማግስቱ ትሉ በሕይወት አለ። ተሸወድኩ እንዴ?

አብሽር፣ ላይሸወዱ ይችላሉ። ቢቲ የሚባለው ይሄ መድኃኒት ቆዳው ላይ ቢያርፍ ትሉን ምንም አያደርገውም። ትሉ ሊበላው ይገባል። የትል አንጀት እንደ ሰው ጨጓራ አሲዳማ አይደለም፤ ተቃራኒው ነው። ባክቴሪያው የሠራው ፕሮቲን እዚያ ይሟሟና የአንጀቱን ግድግዳ ይበሳዋል። ሕዋሳቱ አብጠው ይፈነዳሉ። ትሉ በሰዓታት ውስጥ መብላት ያቆማል፤ የሚሞተው ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ ሬሳ አይቁጠሩ። አዲስ የተበላ ቅጠልና እርጥብ ኩስ መኖሩን ይዩ። ከሌለ ሠርቷል። ትሉ ካደገ በኋላ ከረጩት ግን ብዙም አይበግረው። አገዳው ውስጥ የገባውንማ ጭራሽ አያገኘውም።

ከወረባቦ፦ በ2012 አንበጣው ሲመጣ መድኃኒት ተረጨ። ንቦቼ ቀፎው ደጅ ላይ እየተንቀጠቀጡ አለቁ። ለአንበጣ የተባለው ንብን ምን አገባው?

ያሳዝናል። በዚያ ዘመቻ ከተረጩት ውስጥ ማላታይንና ክሎርፓይሪፎስ ነበሩ። ሁለቱም የሚመቱት ነርቭን ነው። ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፍበት ኬሚካል አለ፤ ሥራውን ሲጨርስ አንድ ኢንዛይም ያጠፋዋል። መድኃኒቱ ኢንዛይሙን አፍኖ ይይዘዋል። መልእክቱ አይቆምም፣ ጡንቻው አያርፍም። መንቀጥቀጡ ከዚህ ነው። አንበጣም ንብም ይህ ኢንዛይም አላቸው፣ መድኃኒቱ አይለይም።

ሰውም አለው! ረጪው ላብ ካጠመቀው፣ ምራቁ ከበዛ፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ ቶሎ ሐኪም ቤት ይሂድ። ወተት አጠጥቶ ማስተኛት አይሆንም።

ለአንበጣና ለፌንጣ ብቻ የሚሆን ሻጋታም አለ፤ ሜታራይዚየም አክሪደም ይባላል። ቆዳውን በስቶ ገብቶ ውስጡ ይራባል። ለመግደል ግን አንድና ሁለት ሳምንት ይፈጃል። መንጋ ማሳ ላይ ሰፍሮ ሳለ ማን ይጠብቃል?

ከደሴ፣ ተማሪ ነኝ፦ ነፍሳት ጉበትና ኩላሊት አላቸው?

እንደኛ የለም፤ ሥራውን የሚሠራ ግን አለ። የስብ አካል የሚባለው ክፍል ምግብ ያከማቻል፣ መርዝም ያከሽፋል። ቆሻሻውን ደግሞ ማልፒጊያን የሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ያጣራሉ። ልብ በይ፦ አንዳንድ ተባይ መድኃኒት የሚለምደው የስብ አካሉና አንጀቱ መርዝ የሚሰብር ኢንዛይም በብዛት ስለሚያመርቱ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ሁለት መድኃኒት ቀላቅዬ ብረጭስ?

አይሆንም። ሁለቱም የተባዩን አካል አንድ ቦታ ላይ የሚመቱ ከሆነ ትርፉ ኪሳራ ነው።

ከባቲ፦ ጎተራ ውስጥ ክኒን አስቀምጬ ነበር። ነቀዙ አልቆ፣ ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ መጣ።

ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ነቀዝ ሳንባ የለውም፤ በጎኑ ባሉ ቀዳዳዎች ነው የሚተነፍሰው። ጋዙ በዚያው ገብቶ ሕዋሳቱ ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያደርጋል። እንቁላሉና ሙሽሬው (እጩ ወደ ነቀዝ የሚለወጥበት ደረጃ) ግን ካደገው ነቀዝ ይልቅ ይቋቋሙታል። ጎተራው ጋዝ ካስወጣ ወይም ቶሎ ከተከፈተ እነሱ ተርፈው ይፈለፈላሉ። ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ ግን በፍጹም እንዳያስቀምጡት። ጋዙ ሰውን ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም።

ከባቲ፣ እኚሁ ጠያቂ፦ እናቴ አመድ ነበር የምትቀላቅለው። ዋጋ አለው?

አለው። ደቃቁ አመድ የነቀዙን የሰም ሽፋን ይፍቀዋል፣ ውስጡ ያለው ውኃ ይተናል፣ ደርቆ ይሞታል። በደንብ የተነፋ፣ ደረቅ አመድ ይሁን። እህሉም ደረቅ ይሁን፤ ካልደረቀ አመዱ ብዙም አይሠራም።