ፖርቶመጋላ ይዤ ኤግዚቢሽን ልገባ ነው፣ ምን ትመክረኛለህ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ ብየዳ ቤት አለኝ፣ ለሞተር ፖርቶመጋላ (ከኋላ የሚገጠመውን የዕቃ መጫኛ) ነው በብዛት የምሠራው። አሁን አዲስ አበባ የሞተር ኤግዚቢሽን ላይ ለሦስት ቀን ቦታ ተከራይቻለሁ፣ ከዚህ በፊት ገብቼ አላውቅም። የራሴን ቦክሰር ሞተር እየነዳሁ ልሂድ? እውነቱን ለመናገር ደግሞ ግማሽ ልቤ ያለው አዲሶቹን ሞተሮች ማየት ላይ ነው፣ ኤሌክትሪኩም ይመጣል እየተባለ ነው፣ ለኛ አገር ይሆናል ብለህ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ደስ አለህ። እየነዳህ ግን አትሂድ። አባይ በረሃን በሞተር ወርዶ መውጣት ያምራል፣ እኔም በወጣትነቴ ሞክሬው ደጀን ቁርስ በልቼ ጎሃ ጽዮን ስደርስ ወገቤ የኔ አልነበረም፣ ችግሩ ግን እሱ አይደለም፣ አዲስ አበባ ከ2011 ጀምሮ ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይነዳ ከልክላለች። አይሱዙ ላይ አስጭነው። ሰልባትዮው (ታንኩ) ውስጥም ነዳጅ አታብዛ፣ አዳራሽ ውስጥ ለሚቆም ሞተር ነዳጁን ቀንስ የባትሪውን ገመድ ንቀል ማለታቸው አይቀርም፣ እኔ ይህን ሳላውቅ ሙሉ ታንክ ይዤ ሄጄ በር ላይ በጀሪካን ስቀዳ ቆይቼ የመጀመሪያውን ደንበኛ ቤንዚን ቤንዚን በሚሸት እጅ ነው የጨበጥኩት።

ፖርቶመጋላህን ጠረጴዛ ላይ እንዳትደረድረው። ሞተሩ ላይ ግጠመውና ግማሽ ኩንታል ጤፍ ጫንበት (እንደ አገር ቤት ሙሉ ኩንታል እንዳትጭንበት)፣ ሰው መጥቶ ይነቅንቀው። የኔ ጎረቤት መብራትና ሙዚቃ ሞልቶ ሰው ፎቶ እየተነሳ ሲያልፍ እኔ ጋ አንድ ሽማግሌ ብየዳውን በጥፍራቸው ፍቀው ፍቀው ሁለት ገዙ።

ሞተሮቹን ማየት ከፈለግህ በር ከመከፈቱ በፊት ነው፣ አንተ ዕቃ አቅራቢ ስለሆንክ ቀድመህ ትገባለህ። ሻጮቹን ሳይሆን የሚገጣጥሙትን መካኒኮች ጠይቅ፣ ፍሪሲዮንና ካቴና የት ነው የሚገኘው በላቸው፣ ዝም ካሉ መልሱ እሱ ነው።

ፖስተሩ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ደግሞ አያታልልህ፣ በባሕር ጠለል ላይ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ሞተር አየር ይፈልጋል፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ይጠፋል፣ ስለዚህ 12 የተባለው ማርቆስ ወይ አዲስ አበባ ላይ ወደ 9 ይወርዳል። ካርቡራቶር ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበትና ካንዴላ ያጠቁራል፣ ኢንጀክሽን ያለው ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል፣ የጠፋውን ጉልበት ግን እሱም አይመልስም።

እዚህ ላይ ነው ኤሌክትሪኩ የሚያሸንፈው፣ አይተነፍስማ! ዳገት ላይ ስታየው ትቀናለህ። ጣጣው ባትሪው ነው። 72 ቮልት 40 አምፔር ሰዓት የሚል ካየህ አባዛው፣ 2.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ ጭነትና ዳገት ካለ በኪሎ ሜትር 40 ዋት ሰዓት ብትይዝለት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ያልቃል፣ ከፍኖተ ሰላም ማርቆስ እንኳ አያደርስህም። ከተማ ውስጥ ዕቃ ለሚያደርስ ልጅ ግን ግዛ እለዋለሁ፣ ማታ መብራት ካልጠፋበት ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ዕቃውን መልሶ መጫን የሰለቸው ሁሉ ዋጋ ይሰብራል። ገንዘብህን ያዝ። እኔ አንዴ የሸጥኩትን በሙሉ ሄልሜት ገዝቼበት የአይሱዙውን ኪራይ ተበድሬ ነው ባሕር ዳር የገባሁት።