የሰው መሳይ አሻንጉሊት ቆዳ፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው የሱቃችንን አሻንጉሊት ፎቶ ያያችሁ ሰዎች "ቆዳዋ እንዴት እንዲህ ንፁህ ሆነ" እያላችሁ ስለበዛችሁብኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ ሁሉንም እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፣ ፒያሳ አካባቢ የሀበሻ ልብስ ሱቅ ነው የምሰራው፣ ልብስ የምናሳይባቸው ደረቅ ፕላስቲኮቹ ሳይሆኑ ቁመታቸው የአዋቂ ሰው የሆነ ቆዳቸው ለስላሳ ሶስት አሻንጉሊቶች ናቸው፣ ስድስት አመት ሙሉ ያጠብኳቸውም የጠገንኳቸውም እኔ ነኝ።

ጥያቄ (ከቸርችል ጎዳና)፦ ቀይ ጥለት ቀለሙን ለቆ ትከሻዋ ላይ መስመር ሰራ። በምን ይለቃል?

እህቴ በመጀመሪያ አሴቶን እንዳትነኪ! በረኪናም፣ ቤንዚንም፣ ነጭ ጋዝም አይሆንም። እኔ የመጀመሪያው አመት ላይ አረንጓዴ ጥለት ክንዷ ላይ ሲለቅብኝ ደንግጬ በአሴቶን ጠረግኩት፣ ቀለሙ ትንሽ ሳሳ ግን ቆዳው ፈዞ ሻከረ፣ እስከዛሬ እጅጌ ረጅም ቀሚስ ነው የማለብሳት። ቆዳዋ ቲፒኢ (እንደ ጎማ የሚለጠጥ ለስላሳ ፕላስቲክ) ከሆነ የሚሰራው ፋርማሲ የሚሸጠው የብጉር ቅባት ነው፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለው፣ 10 ፐርሰንቱ ከተገኘ ጥሩ፣ 5ቱም ይሰራል ግን ይዘገያል። እድፉ ላይ ብቻ ስስ አድርገሽ ትቀቢና ታሳድሪዋለሽ፣ ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጊያለሽ፣ ካልለቀቀ ትደግሚያለሽ፣ እኔ አንዱን እድፍ አራት ቀን ነው የፈጀብኝ። ቀለሙን ራሱን አንጥቶ ነው የሚያጠፋው፣ ስለዚህ ልብስም ያነጣል፣ ቅባቱ እያለ ቀሚስ እንዳታለብሻት። ሲለቅ ቦታውን ቤቢ ኦይል ቀቢው ምክንያቱም ያደርቀዋል። ደግሞ መጀመሪያ የማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ የእግሯ መርገጫ ላይ ሞክሪው።

ጥያቄ (ከመርካቶ)፦ ቲፒኢ ይሁን ሲሊከን በምን አውቃለሁ? ሻጩም አያውቅም።

ይሄ የሁሉም ነገር መነሻ ነው ወንድሜ፣ ሳታውቅ ምንም አትቀባ። ነጭ ሶፍት ጀርባዋ ስር አድርገህ አሳድር፣ ጠዋት የዘይት ወዝ ካለው ቲፒኢ ነው። ቲፒኢ እንዲለሰልስ ተብሎ ሲሰራ ብዙ የማዕድን ዘይት ይገባበታል፣ ያ ዘይት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ የልብስ ቀለም የሚጠጣውም በዚሁ ነው። ሲሊከን ደረቅ ያለ፣ ጠንከር ያለ ነው፣ ዋጋውም ይወደዳል።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ልጄ፣ በየሳምንቱ በላርጎ አጥባታለሁ፣ ግን አንዴ ይደርቃል አንዴ ያጣብቃል፣ ምን ሆነችብኝ?

እትዬ፣ ላርጎ ለሰሃን ነው፣ ቅባት እንዲያወጣ የተሰራ ስለሆነ የእሷንም ዘይት ያወጣዋል። በየሳምንቱም መታጠብ አያስፈልጋትም፣ አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ካነሱላት በወር አንዴ ይበቃታል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የሕፃን ሻምፑ ጠብ አድርገው በስፖንጅ ያብሷት፣ አይፈትጓት፣ በፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቋት። አንገቷ ላይ ያለው ብሎን ግን ውሃ እንዳይነካው፣ ውስጧ ብረት ነው ይዝጋል። ከዛ በሁለት በሶስት ወር አንዴ ቤቢ ኦይል በእጅዎ ስስ አድርገው ይቀቧትና ያሳድሯት፣ ጠዋት የተረፈውን ጠርገው ፓውደር ነስነስ ያድርጉባት፣ ማጣበቁ ያኔውኑ ይጠፋል። ፊቷን ግን ዘይት አያስነኳት፣ ኩሏንና ሊፒስቲኳን ያነሳዋል።

ጥያቄ፦ የትኛው ፓውደር?

ከበቆሎ ስታርች የተሰራውን። ቆርቆሮው ላይ ታልክ የሚል ካያችሁ ተዉት፣ የአለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ 2024 ላይ ታልክን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚባሉት ጎራ መድቦታል፣ እኛ ደግሞ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው የምንነሰንሰው። የስታርቹንም ቢሆን ማስክ አድርጋችሁ በሰፊ ብሩሽ ቀቡት።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ የኔ ሲሊከን ናት፣ እኔም ዘይት ልቀባት?

አይ፣ እሷ አትፈልግም። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና፣ ከዛ ትንሽ ፓውደር፣ በቃ። እድፍ ሲኖር በአልኮል ጠረግ ማድረግ ትችላለህ፣ ቲፒኢ ላይ ግን ያደርቃል። የሲሊከን ዘይት ያለበት ቅባት ግን አታስጠጋባት፣ ያሳብጣታል።

ጥያቄ (በውስጥ መስመር የመጣ)፦ እኔ ሱቅ የለኝም፣ ቤቴ ነው ያለችው፣ መጠየቅ አፍሬ ነበር።

ምንም የሚያሳፍር የለውም ወንድሜ፣ ቆዳው ያው አንድ ነው። ላንተ የምጨምርልህ አንድ ነገር ነው፣ ሰውነቷ ላይ ክፍተት ያለበት ቦታ ሁሉ በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ እስከውስጡ ድረስ መድረቅ አለበት። ክረምት ላይ ቤቱ ይረጥባል፣ ትንሽ እርጥበት ከቀረ ይሻግታል፣ ሻጋታ ደግሞ ላንተም ጤና አይሆንም። ጨርቅ ጠቅልለህ አስገባና ሁለት ሶስቴ ቀይር፣ ፎን ከተጠቀምክ በቀዝቃዛው ብቻ።

ጥያቄ (ከለገሃር)፦ መስታወቱ ጋር ብናቆማት ችግር አለው?

አለው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሀያችን ቀላል አይደለችም፣ ቀኑን ሙሉ ሲመታት ቆዳዋ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ይደክማል። መጋረጃ አድርጉ ወይ በየሳምንቱ ቦታ ቀይሩላት። እኛ ሰፈር ደግሞ አቧራው አለ፣ ህዳር 12 ሲሆን ጭሱ አለ፣ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ በነጭ አቡጀዲ እሸፍናቸዋለሁ። ነጭ ያልኩት በምክንያት ነው፣ ባለቀለም አንሶላ ሸፍናችሁ አሳድራችሁ ጠዋት እኔ ጋር እንዳታለቅሱ።

ጥያቄ (ከመርካቶ)፦ በጋዜጣ ጠቅልለን ወደ ሌላ ሱቅ ልንወስዳት ነው።

ወይኔ፣ ፈጽሞ! የጋዜጣ ቀለም ቲፒኢ ውስጥ ከገባ ከጥለቱ የባሰ ነው፣ ፊደሉ ሳይቀር ይታተምባታል። ጥቁር የቆዳ ሶፋ ላይም አታስቀምጧት፣ ጥቁር ዊግም ሳይታጠብ አታድርጉላት፣ አንገቷን ያጠቁረዋል። አዲስ ልብስ ሁሉ መጀመሪያ ይታጠብ፣ ታጥቦም በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት፣ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ከስር ነጭ የውስጥ ልብስ ሳታለብሱ አታልብሷት። እኔ ይሄን ከጀመርኩ ወዲህ የብጉሩን ቅባት የነካሁት አንዴ ነው። ስታጓጉዟት ደግሞ 30 ምናምን ኪሎ ስለምትሆን ለሁለት ያዟት፣ በእጇ አትጎትቷት።

ጥያቄ (ከቸርችል ጎዳና)፦ ብብቷ ስር ትንሽ ተሰነጠቀ፣ በሱፐር ግሉ ላጣብቀው?

ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፣ ቆዳው ሲለጠጥ ጎኑን ይዞ ይቀደዳል። የራሱ የቲፒኢ ማጣበቂያ አለ፣ ሽታው ከባድ ስለሆነ መስኮት ከፍተሽ፣ ቦታውን ከዘይትና ከፓውደር አፅድተሽ፣ በጥርስ ስቴኪኒ ጫፍ ትንሽ ቀብተሽ ሁለቱን ጎን ገጥመሽ ያዢው፣ እስከነገ እጇን አታንቀሳቅሺ። የተሰነጠቀበት ምክንያት ግን እጇን ወደላይ አድርጋችሁ ስለምታሳድሯት ይመስለኛል፣ ማታ ሱቅ ስትዘጉ እጇን ወደታች መልሱላትና ብብቷ ላይ ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ቀቢላት።